እሳት የሚጠብቃት ወፍ

እስቲ ጠጋ በሉና የአንዲት ወፍ ጉድ ላውጋችሁ። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ፍሎሪዳ መሀል፣ ኦሲዮላ ካውንቲ። ኪሲሚ፣ ጃክሰንና ማሪያን በሚባሉ ሐይቆች አጠገብ «ስሪ ሌክስ» የሚሉት የዱር እንስሳት ክልል አለ፤ ረግረግም የጥድ ደንም አለው። ረግረጉ ራሱን የቻለ ወሬ ይወጣዋል፤ ኑሮው ከሞላ ጎደል በቀንድ አውጣ የሆነ ጭልፊት ያለው እዚያ ነው። እኛ ግን ዛሬ ወደ ጥዱ ነን።

ወፍ ለማየት የመጣ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ነጭ ቀለም የተቀባ ግንድ ይፈልግና አንጋጦ ይቆማል። ቀለሙ «እዚህ ቤት አለ» ማለት ነው። ባለቤቷ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ጉንጯ የነጣ ግንደ ቆርቁር ናት። ወንዱ ጭንቅላቱ ጎን ላይ ቀይ ሰረዝ አለችው፤ ከክር ስለምትቀጥን ግን «አየኋት» የሚላችሁን ደግማችሁ ጠይቁት።

ሌላው ግንደ ቆርቁር የሞተ እንጨት ይወዳል። እሷ ሕይወት ያለው፣ ያረጀ ጥድ ካልሆነ አትፈለፍልም፤ አንድ ጉድጓድ ዓመታት ይፈጅባታል። ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ለእባብ! በጉድጓዷ ዙሪያ ትናንሽ ቀዳዳ ትበሳለች፤ ሙጫው ግንዱን ይዞ ይወርድና ይነጣል። ዛፍ የሚወጣው እባብ እዚያ ሲደርስ ሙጫው ቆዳው ላይ ይጣበቅበትና ይመለሳል። ሙጫው እንዳይደርቅ ቀዳዳውን እየደጋገመች ትከፍታለች። ወንዶች ልጆቿም ቶሎ ከቤት አይወጡም፤ ታናናሾቻቸውን ሲመግቡ ይቆያሉ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ደኑን የሚጠብቁት ሰዎች ራሳቸው ያቃጥሉታል! እኛ ጋ ደን ያቃጠለ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። የዚያ ጥድ ቅርፊት ግን ወፍራም ነው፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ እሳት አይጎዳውም። የሚነደው ከሥር የሚያድገው ቁጥቋጦ ነው፤ እሱ ሽቅብ አድጎ ጉድጓዷ አፍ ከደረሰ ወፏ ቤቷን ጥላ ትሄዳለች። ድሮ መብረቅና ነባር ሕዝቦች ያነዱት ነበር። በኋላ የመጣው ሰው እሳቱን አጠፋ፣ ትልልቁን ጥድ ቆረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ወፏ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር ተመዘገበች። በ1989 ደግሞ ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የቤቷን ዛፎች ገነደሰ። ያኔ ሰዎች ጥዱን በመጋዝ እየቦረቦሩ ሰው ሠራሽ ጎጆ ይተክሉላት ጀመር።

ልፋቱ ውጤት አምጥቷል፤ በ2024 ከ«ለመጥፋት የተቃረበች» ወደ «ስጋት ያለባት» አለፈች። ፍሎሪዳ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በፈረንጆች ኤፕሪልና ሜይ ጫጩት ስትመግብ ሄዳችሁ እዩዋት። ከግንዱ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ።