የጣና ዳር የማን ነው?

በ1962 ዓ.ም. «ራ ሁለት» የተባለች ጀልባ ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክ ውቅያኖስን በ57 ቀን አቋርጣ ባርቤዶስ ገባች። የተሠራችው ከብረት ወይም ከሳንቃ አልነበረም፤ ከደንገል ነበር። ደንገሉ ደግሞ የጣና ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ፣ ደንገል በግብፅ ከዓባይ ዳር ጠፍቶ ስለነበር ፍለጋው ወደ ዓባይ ምንጭ አመጣው።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን ማስጠንቀቂያም አለበት። ለሺህ ዓመታት በፓፒረስ ላይ የጻፈች አገር እንኳ ዳሯን ካጣች በኋላ ተክሉን ከሌላ ቦታ ማስመጣት ግድ ሆኖባታል። ደንገል ይጠፋል ማለት ነው።

ጣና ላይ እስከኛ ዘመን የቆየው ማንም ስላልነካው አይደለም። እንደውም ሁሌ ይታጨድ ነበር። ነገደ ወይጦዎች ታንኳ ይሠሩበታል፤ ታንኳ ደግሞ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ያረጃል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አዲስ ያስፈልጋል። ግን አጫጁ ግንዱን ቆርጦ ሥሩን ይተዋል፤ ደንገሉም መልሶ ያቆጠቁጣል። የነገ ታንኳው ከዚያው ሥር እንደሚበቅል የሚያውቅ ሰው ሥሩን አይነቅልም። ዳሩ ጠባቂ የነበረው እንጀራው ከዳሩ ስለሆነ ነው።

ይህ ሚዛን ከየት ጀምሮ ተናጋ? አንዱ ምዕራፍ 1988 ዓ.ም. ነው። ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሲባል ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠራ። ከዚያ በፊት ጣና በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፤ ደንገሉም የለመደው ይህንኑ ነበር። ከግድቡ በኋላ ግን የውኃውን ከፍታ ዝናብ ብቻ ሳይሆን የመብራት ፍላጎትም የሚወስነው ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኃይል የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው ሐይቁ በጣም ወረደ። የመርከብ ጉዞ ለወራት ቆመ፣ የዓሣ ምርት ቀነሰ፣ ብዙ ደንገልም ወደመ።

ውኃው ሲሸሽ መሬት ብቅ አለ። ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ እርጥብ ነው፣ ለም ነው፣ ወዲያው ይዘራበታል። መሬት ለጠበበው ሰው ይህን አትንካ ማለት ከባድ ነው። ግን አንዴ የታረሰ ዳር ላይ ውኃው ቢመለስም ደንገሉ እንደ ድሮው አይመለስም። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ ጣና ላይ ታየ። ከየእርሻው ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ለእምቦጭ ምግቡ ነው፤ ያንን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው የደንገል ሥር ነበር።

ከተማው በበኩሉ ዳሩን ወደ «እይታ» ቀየረው። ሆቴል፣ ሎጅ፣ የተከረከመ ሣር፣ ከዚያ የድንጋይ ግንብ። ባሕር ዳር አጠገብ ሐይቁን የሚነካ ይዞታ ያላቸው አጎቴ በቅርቡ ደወሉልኝ፦

«አንተ ኢንጂነር ነህ፤ ደንገሉን አስመንጥሬ ግንብ ላሠራ ነው። ምን ትላለህ?»

«ጋሼ፣ የእኔ ምህንድስና እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው። ለመሆኑ ደንገሉ ምን አደረገዎት?»

«ውኃውን ይጋርዳል። እንግዳ የሚመጣው ሐይቁን ሊያይ ነው፤ ባንክ ደግሞ ብድሩን ይጠብቃል።»

እውነታቸውን ነው፣ ብድሩ ቀልድ አይደለም። ግን በእኛ ሙያ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ምን እንደሚሠራ ያልገባህን ኮድ አትሰርዝ። ደንገሉ ሥራ ላይ ነው። ማዕበል ሲመጣ ይተጣጠፋል፣ ጉልበቱን ይበላዋል። ግንብ ግን መልሶ ይወረውረዋል፤ የተመለሰው ውኃ የግንቡን እግር ይቦረቡራል፣ የጎረቤትንም ዳር ይመታል። ከዚያ ጎረቤትም ግንብ ይሠራል። ዓሣ የሚራባበትና ወፍ የሚጎጆበት ቦታም አብሮ ይሄዳል።

የነገርኳቸው ይህን ነው። ያለውን አይንቀሉ፤ ለእይታ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ከፍተው የእንጨት መረማመጃ ያሠሩበት፣ እንግዳው በደንገል መሃል አልፎ ውኃው ላይ ይውጣ። የተራቆተው ቦታ ላይ ከብት እንዳይገባ ይጠሩ፤ ለጋውን ቡቃያ የሚጨርሰው ከብት ነው። ከዚያ በአቅራቢያው ከበቀለ ደንገል ቡቃያ ያለው የሥር ቁራጭ ወስደው ማዕበል በማይበረታበት ረግረግ ላይ ይትከሉ። የመጸዳጃ ጉድጓዱንና ለሣሩ የሚበተነውን ማዳበሪያ ከዳሩ ያርቁ። ወጪው ከግንብ ያንሳል፤ የሚጠይቀው ትዕግስት ነው። አጎቴ ገና አልወሰኑም፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት መወሰን አለባቸው።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ያለን የመጠቀም መብት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የእኔ ካልሆነ ለምን እደክማለሁ?» ይላል። የታንኳ ሠሪዎቹ ታሪክ ግን ተቃራኒውን ነው የሚነግረን። እነሱም የዳሩ ባለቤት የሚል ወረቀት አልነበራቸውም፤ የሚያስፈልጋቸውን ወስደው ሥሩን ግን ይተዉ ነበር። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ጥሩ ነው፤ ግን መዝገብ አፈር አይዝም። አፈር የሚይዘው ሥር ነው፤ ሥሩ እንዲቆይ ወይም እንዲነቀል የሚወስነው ደግሞ ያችን ሃያ እርምጃ ዳር የያዘው ሰው ነው።