የሥዕል ጥራትና የሣጥን ዕድሜ

ባለፈው ዓመት ለገና በዓል ወደ ሻኪሶ በወረድሁ ጊዜ፣ በከተማው ዋና መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላቸው አጎቴ፣ የጉዞውን አቧራ ከልብሴ ገና ሳላራግፍ አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። ከክብረ መንግሥት የመጣ ነጋዴ ሁለት ሣጥኖችን አሳይቷቸው ኖሯል። ሁለቱም ከሳተላይትም ሆነ ከኢንተርኔት ሥዕል ተቀብለው ወደ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፉ ናቸው። በአንደኛው ላይ ግን «ፎር ኬ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ታትሞበታል፤ ዋጋውም የሌላውን እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ይህ ፎር ኬ የሚሉት ነገር ለእኔ ቤት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» አሉኝ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው፣ «ምክርህ ግን እንደ ባለፈው እንዳይሆን» ሲሉ አከሉበት።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል የት ላይ እንደምትወጋኝ አጎቴ አሳምረው ያውቃሉ። ነገሩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ ቴሌቪዥን ቴክኒክ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ለአጎቴ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ የሚገኝ ስለመሰለኝ ሁለቱን አንድ ላይ ለመጻፍ ወሰንሁ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ጣቢያውን በማቋቋም ረገድ ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እርዳታ አድርጓል። ሥዕሉ ነጭና ጥቁር ነው፤ በ625 አግዳሚ መስመሮች ተከፋፍሎ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይላካል። ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ለዓይን የሚታዩት 576ቱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ለመሣሪያው ቅንብር የሚያገለግሉ ናቸው። ያ ጣቢያ ከመከፈቱ 12 ቀናት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ የማራቶን ድሉን ለሁለተኛ ጊዜ ተቀዳጅቶ ነበር። የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። የጃፓን የሥርጭት ድርጅት የሆነው ኤንኤችኬ ከዚያ ኦሊምፒክ ማግሥት አንሥቶ ከ625 መስመር የላቀ ሥዕል ለማግኘት ምርምሩን ጀምሯል። እንግዲህ እኛ የመጀመሪያውን ሥዕል በምናይበት ዓመት፣ ሌሎች የሥዕሉን መተኪያ መፈለግ ጀምረው ነበር ማለት ነው።

ቀለም ወደ ሀገራችን የመጣው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በሚከበሩበት ሰሞን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በይፋ በባለ ቀለም ሥዕል መስጠት ጀመረ። የተመረጠው ሥርዓት ፓል የሚባለውና ቫልተር ብሩክ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በቴሌፉንከን ኩባንያ ውስጥ የፈለሰፈው ነበር። በምዕራብ ጀርመን ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1967 ስለሆነ እኛ ዘንድ የደረሰው ከ17 ዓመታት በኋላ ነው። ዛንዚባር እንኳ ከእኛ አሥር ዓመት ያህል ቀድማ በቀጥታ በቀለም ጀምራ ነበር። ይህን ያህል ዘግይተን በመጀመራችን የሚያዝኑ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን ያን ያህል አላዝንም። ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሽግግሩ ጨዋነት ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። የባለ ቀለም ሥርጭት በተጀመረ ማግሥት በሀገሪቱ ውስጥ የነበሩት ነጭና ጥቁር ቴሌቪዥኖች አንዳቸውም ከሥራ ውጭ አልሆኑም። የፓልን ሥርዓት የነደፉት ሰዎች፣ ከእነርሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1953 የአሜሪካውን ሥርዓት ያወጡት፣ የሥዕሉን ብርሃንና ጥላ የያዘውን ሞገድ እንደ ቀድሞው ትተው ቀለሙን በላዩ ላይ በረቀቀ ዘዴ ጫኑት። አዲሱ ቴሌቪዥን ሁለቱንም ይለያል፤ አሮጌው የሚያውቀውን ወስዶ የማያውቀውን ያልፈዋል። በልጅነቴ ሻኪሶ ውስጥ ጎረቤታችን ቤት የነበረችው ቴሌቪዥን ነጭና ጥቁር ነበረች። የሚተላለፈው ሥዕል ባለ ቀለም መሆኑን እኛ ልጆች ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የሌላ ሰው ቤት ገብተን ባየን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የጎደለብን ነገር መኖሩን እንኳ አልጠረጠርንም።

የጃፓኖቹ መንገድ ሌላ ነበር። የምርምራቸው ውጤት የሆነው ባለ 1125 መስመር ሥዕል በሳተላይት አማካይነት ለሕዝብ መተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ሥዕሉ እጅግ ያማረ፣ መሣሪያውም እጅግ ውድ ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ በአናሎግ ላይ የተመሠረተ ነበርና ዲጂታል የተባለው ዘዴ ከኋላው መጥቶ ቀደመው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥርጭቱ ጨርሶ ተዘጋ። ቀድመው የገዙት ሰዎች ለሥዕሉ ጥራት የከፈሉት ገንዘብ ከንቱ የቀረው፣ የመስመሩ ቁጥር ስላነሰ አልነበረም፤ ሥዕሉ የተጠቀለለበት ዘዴ ስለተለወጠ ነው።

ዲጂታሉ ሥርዓት የቀደመውን ጨዋነት ይዞ አልመጣም። በዲጂታል ሥርጭት ሥዕሉ እንዳለ አይላክም፤ በሒሳብ ዘዴ ተጨምቆ ይላክና በተቀባዩ ሣጥን ውስጥ ይፈታል። የመጨመቂያው ዘዴ በየአሥር ዓመቱ ገደማ እየተሻሻለ መጥቷል፦ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤምፔግ 2፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤች 264፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ኤች 265። የኋለኛው ከፊተኛው ጋር ሲነጻጸር ተመሳሳይ ሥዕል ለመላክ የሚፈልገው መረጃ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። አስተላላፊው ለሳተላይት ኪራይ የሚከፍለው በዶላር በመሆኑ፣ ወደ አዲሱ ዘዴ ለመሸጋገር የሚገፋፋው ይህ ነው። የፊተኛውን ብቻ የሚያውቅ ሣጥን ግን የኋለኛውን በከፊልም ቢሆን ሊፈታው አይችልም። እንደ ነጭና ጥቁሩ ቴሌቪዥን የሚገባውን ወስዶ የማይገባውን ማለፍ አያውቅበትም፤ ጭራሹን ይጨልማል።

አሁን ወደ በደሌ ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. አጎቴ ለሻይ ቤታቸው ሣጥን ሊገዙ ሲሉ ምክሬን ጠይቀውኝ፣ ርካሹን እንዲወስዱ ነገርኋቸው። ቴሌቪዥናቸው ያረጀ ስለነበረ፣ «ኤች ዲ ለማያሳይ ቴሌቪዥን የኤች ዲ ሣጥን መግዛት ለበቅሎ የመኪና ጎማ እንደ መግዛት ነው» ብዬ ቀልጄም ነበር። የሣጥኑን የሥዕል ጥራት እንጂ የመፍቻ ዘዴውን አልተመለከትሁም። በዚያን ጊዜ ቃናና ኢቢኤስን የመሳሰሉት ጣቢያዎች ይገኙ የነበሩት በናይልሳት ላይ ነው። ናይልሳት ያለው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከሻኪሶ ሲታይ ወደ ምዕራብ፣ ከአድማስ በላይ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስኢኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር በመሆን ኢትዮሳትን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለው ሳተላይት ላይ ሲከፍት፣ የሀገራችን ጣቢያዎች ቀስ በቀስ ወደዚያ ተጠቃለሉ። ከሻኪሶ ይህ ሳተላይት ወደ ምሥራቅ፣ 68 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ፣ ከራስ በላይ ለመሆን ጥቂት ሲቀረው ይገኛል። ያን ሰሞን በከተማው ጣሪያዎች ላይ ሰሐን የሚያዞር ወጣት እንጀራው ሞልቶለት ነበር። ወደ ጎን ያይ የነበረው ሰሐን ሁሉ ዝናብ ሊቀበል እንደ ተዘረጋ ገበታ ወደ ሰማይ ቀና አለ።

የአጎቴም ሰሐን ቀና አለ። ነገር ግን ሣጥኑ ከፊሎቹን ጣቢያዎች ጨርሶ አላገኛቸውም፤ ካገኛቸውም መካከል ጥቂቶቹ ድምፅ ብቻ ሆነው ሥዕል አልነበራቸውም። ሰሐኑን ሦስት ጊዜ አስተካከሉ፤ ገመዱን ለወጡ፤ ለባለሙያ ከፈሉ። ጥፋቱ የሰሐኑም የገመዱም አልነበረም፤ አዲሶቹ ሥርጭቶች የመጡት ያ ሣጥን በማያውቀው ዘዴ ተጨምቀው ነው። ከወርቅ ሥራ ሲመለሱ የማታ ዜና ለመስማትና ድራማ ለማየት አጎቴ ዘንድ ይቀመጡ የነበሩት ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ተሻገሩ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሣጥን ተገዛ። ከተሻገሩት ደንበኞች ያልተመለሱ አሉ።

ይህን ይዤ ወደ ፎር ኬ እመጣለሁ። የቀድሞው ሥዕል በዲጂታል ሲቆጠር 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥቦች አሉት፤ ኤች ዲ 2,073,600፤ ፎር ኬ 8,294,400። ይህም ከመጀመሪያው በትክክል 20 እጥፍ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ዓይን ግን በቁጥር አይታለልም። ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ነው። በአጎቴ ቤት እንዳለው ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ይህ ሲሰላ፣ ከ1.7 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው በኤች ዲና በፎር ኬ ነጥቦች መካከል ልዩነት አይታየውም። የሻይ ቤቱ የቅርብ ወንበር እንኳ ሦስት ሜትር ይርቃል። እርግጥ ነው፣ ከፎር ኬ ጋር አብሮ የሚመጣው ሰፋ ያለ የብርሃንና የቀለም ልክ ከሩቅም ይታያል፤ እኔም እንደ መሐንዲስ የምጓጓለት እርሱን ነው። ነገር ግን ለዚያ ሣጥኑ ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑም ጥሩ ዓይነት መሆን አለበት።

በሌላው ዓለም ይኸው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2015 ተካሂዷል። ኔትፍሊክስ ከዓመት በፊት በፎር ኬ መላክ ጀምሮ ስለነበረ፣ ሮኩና አማዞን ፎር ኬ የሚያሳዩ ሣጥኖች ሲያወጡ አፕል በዚያው መጸው ያወጣው ሣጥን ከኤች ዲ አያልፍም ነበር፤ ፎር ኬውን ያመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በፎር ኬ የተዘጋጀው ፊልም ገና ጥቂት ስለነበረ የዘገየው ሣጥን ገዢ ብዙ የቀረበት ነገር የለም።

ወደ እኛ ስንመለስ ዋናው ጉዳይ መንገዱ ነው። ኔትፍሊክስ ለፎር ኬ በሴኮንድ 15 ሜጋ ቢት፣ ለኤች ዲ 5 ሜጋ ቢት የሚያደርስ መስመር እንዲኖር ይመክራል። በዚህ ልክ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በፎር ኬ 13.5 ጊጋ ባይት፣ በኤች ዲ 4.5 ጊጋ ባይት ይበላል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የኢንተርኔት ዋጋ በእጅጉ ከቀነሰ ወዲህ፣ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ቢሆንም በስልክ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ባለ ሻይ ቤት 13.5 ጊጋ ባይት ለአንድ ፊልም ማውጣት የሚታሰብ አይደለም። በሳተላይቱም በኩል፣ ያን ሰሞን አጎቴ ቤት ቁጭ ብዬ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ስፈትሽ ከኤች ዲ የበለጠ ሥዕል አላጋጠመኝም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ሻጮች አይናገሩትም። በገበያ ላይ «ፎር ኬ» ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ሣጥኖች ብዙዎቹ የፊልም ባለቤቶች የሚጠይቁት የጥበቃ ማረጋገጫ የላቸውም። ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ማረጋገጫ ለሌለው ሣጥን ከ480 መስመር በላይ አይለቁለትም። ጽሑፉ ፎር ኬ ይላል፤ የሚታየው ሥዕል በ1957ቱ የመስመር ቁጥር እንኳ አይደርስም።

በማግሥቱ ከአጎቴ ጋር ወደ ነጋዴው ሄድን። ሁለቱን ሣጥኖች ገልብጬ በጀርባቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርሁ፤ ነጋዴው የፊቱን ትልቅ ጽሑፍ እያሳየኝ፣ እኔ የጀርባውን ትንሽ ጽሑፍ እያነበብሁ ብዙ ቆየን። በርካሹ ሣጥን ጀርባ ላይ፣ ከኤች ዲ በላይ ባያሳይም፣ ኤች 265 እንደሚፈታ ተጽፏል። እንዳይደገም ብዬ ጽሑፉን ብቻ አላመንሁም፤ በዚያ ዘዴ የተጨመቀ አጭር ፊልም በፍላሽ ይዤ ስለነበረ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰካንና ሥዕሉ ያለ እንከን መጣ።

አጎቴ ገንዘቡን ቆጥረው ከከፈሉ በኋላ፣ «የሚቀጥለው ኤች ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ኤች 266 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2020 መጽደቁን ነገርኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ሣጥኑን አገላብጠው አዩትና ደረሰኙን እንዲጽፍላቸው ነጋዴውን አዘዙት፤ ቀኑ ጎላ ብሎ እንዲጻፍም አሳሰቡት።