አንዴ ታይቶ አንዴ የሚሰወር ብልሽት፤ ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ኦክስጅን ሴንሰር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ ከዚያም ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን አቋርጦ ከሚሴ ሲደርስ፣ ሞተር በግማሽ ቀን ጉዞ ውስጥ እጅግ የተለያየ አየር ይስባል። የጣርማበር በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ደግሞ በ1400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦርከና በሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተቀምጣለች። የሙቀቱን ልዩነት ሳንቆጥር፣ የጣርማበር አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ የቀለለ ሲሆን በከሚሴ ልዩነቱ ከአሥር አንድ እጅ ትንሽ ይበልጣል። የሞተር ብልሽት ፍለጋ ታሪክ በአገራችን እንዴት እንደ ተጓዘ ለማየት ከዚህ መንገድ የሚሻል አላገኘሁም።

ይህን መንገድ በዋሻና በድልድይ አጠናክረው ለከባድ መኪና ያበቁት ኢጣሊያኖች ሲሆኑ፣ ጊዜውም ከ1936 እስከ 1941 የቆየው የወረራ ዘመን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብሯቸው የመጣው ፊያት 634 የናፍጣ መኪና ከቁጥሩ መጨረሻ ተወስዶ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ስም ወጣለት። ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ ወርሰናቸው ዛሬ ድረስ በየጋራዡ ይነገራሉ። ከቃላቱ ጋር አንድ ልማድ ቀረ፤ ይኸውም መካኒኩ ኮፈኑን ከመክፈቱ አስቀድሞ ሹፌሩን መጠየቁ ነው። ድምፁ የተሰማው ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት? ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ጭነት ነበረው ወይስ ባዶ ነበር? ሹፌሩ የረሳውን ረዳቱ ያስታውሳል። ነገሩ የጥንቱን አውጫጭኝ ይመስላል፤ ሁሉም ያየውንና የሰማውን ካልተናገረ ሌባው አይያዝም።

በ1967 የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር የዚህ መንገድ ክብደት ጨመረ። ከአሰብ የተነሣ ቦቴ በሚሌ አልፎ ባቲን ረግጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም በከሚሴ በኩል ይወርድ ነበር። በ1970 የተቋቋመው የአምቼ ፋብሪካም የፊያትን፣ ኋላም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች እዚሁ አገር ይገጣጥም ጀመር። በናፍጣ የሚሠሩት እነዚህ ከባድ መኪናዎች በሜካኒካል ፖምፓ የሚመገቡ ስለ ነበሩ ከፍታ ላይ ጭሳቸው ቢበዛም በኤሌክትሪክ ምልክት የሚታወክ ነገር አልነበራቸውም። ችግሩ የጠናው በቤንዚን መኪና ላይ ነው። ካርቡሬተር የአየሩን መቅለል በሚገባ ስለማያውቅ፣ ለከሚሴ የተስተካከለ ሞተር ጣርማበር ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይደክማል።

መድኃኒቱ የመጣው ስለ ዳገት ከተጨነቀ ሰው ዘንድ አልነበረም። ካሊፎርኒያን የሸፈነው የጭስ ጉም የአሜሪካን ሕግ አወጪዎች ስላስገደዳቸው፣ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ላምዳ የተባለውን የኦክስጅን ሴንሰር ሠራ፤ በ1976ም የስዊድኑ ቮልቮ በመኪናው ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበው። የሴንሰሩ መሠረት የሆነውን ስሌት ጀርመናዊው ኬሚስት ዋልተር ኔርንስት በ1889 አስቀምጦት ነበር። የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ሸክላ በፕላቲኒየም ተለብጦ፣ አንዱ ገጹ ለጭሱ፣ ሌላው ገጹ ለውጭው አየር ይሰጣል። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ቤንዚን ሲበዛ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። አንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲያገኝ ምልክቱ በሁለቱ መካከል ይሻገራል። ኮምፒዩተሩም ይህን እያየ ነዳጁን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሴንሰር አንድ ቦታ አይቆምም፤ ያለ ዕረፍት ይወዛወዛል።

ይህ ዕቃ ወደ እኛ አገር በአሮጌ መኪና ላይ ተገጥሞ ሲገባ የጠበቀው እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነበር። እርሳስ ፕላቲኒየሙን ሸፍኖ ሴንሰሩን ያደነዝዘዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳሱን እስከ 2005 መጨረሻ ለማስወገድ እስኪስማሙ ድረስ፣ ብዙ ባለ መኪና ሴንሰሩን በጥሶ መጣልን እንደ ጥገና ይቆጥረው ነበር። በጊዜው ብዙም አልተሳሳተም ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ምክንያቱ ጠፍቶ ልማዱ ቀርቷል።

አሁን አንድ አሮጌ የቤንዚን ፒክ አፕ ከባቲ የሰኞ ገበያ ጭኖ በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል እንበል። በመንገድ ላይ ብርቱካናማው የሞተር መብራት ይበራል፤ ኋላም ይጠፋል። ጋራዥ ሲገባ ምንም የለበትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ ቶዮታ ላይ የምርመራውን ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ሲያገናኙ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ 21 ቁጥርን ይናገራል፤ ትርጉሙ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። በአሜሪካ ከ1996 ወዲህ የተደነገገውን ሥርዓት የሚከተል መኪና ደግሞ በማንበቢያ መሣሪያ ከፒ 0130 የሚጀምሩትን ኮዶች ያሳያል። ሴንሰሩ ይለወጣል። ባለቤቱ የወር ገቢውን ከፍሎ ይሄዳል። በሳምንቱ መብራቱ ይመለሳል።

ኮዱ ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ነገረን፤ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ አልነገረንም። በመጀመሪያ «ዳገቱ አሳሳተው» የሚለውን ግምት እናስወግድ። ሴንሰሩ የሚያነጻጽረው ጭሱን ከአካባቢው አየር ጋር ስለ ሆነ፣ ከፍታው ሁለቱንም እኩል ያቀልላቸዋል። ከዚህም ሌላ ሹፌሩ በጣርማበር አቀበት ነዳጁን እስከ ጥግ ሲረግጥ፣ ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩን ማዳመጡን ትቶ ቤንዚኑን በራሱ ሠንጠረዥ ያበዛል። እንግዲህ ሹፌሩ ድካሙን ዳገት ላይ ቢያይም፣ ኮዱ የተመዘገበው በጨፋ ሜዳ በእኩል ፍጥነት ሲነዳ ሊሆን ይችላል። ከ1996 ወዲህ ባሉት መኪናዎች ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው ፍጥነት፣ ጭነትና የሞተር ሙቀት አብሮ ተቀምጦ ይገኛል። ይህ መዝገብ የዱሮው መካኒክ ለሹፌሩ ያቀርባቸው ለነበሩት ጥያቄዎች መልስ ነው፤ የሚያሳዝነው ሳይነበብ መደምሰሱ ነው።

ታይቶ የሚሰወር ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸገው ከሴንሰሩ ውጭ ነው። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ከተሰነጠቀ፣ በጭሱ ምት መካከል የውጭ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩም በታማኝነት «አየር በዝቷል» ይላል። ብረቱ ሞቆ ሲሰፋ ስንጥቁ ይዘጋና ክሱ ይጠፋል። ስለዚህ ይህ ምርመራ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ መደረግ አለበት። ሽቦው ከጭስ ማውጫው ጋር ተነካክቶ ልባሱ ቀልጦ እንደ ሆነ የሚታወቀው፣ ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን በእጅ እያወዛወዙ ቴስተሩን በመመልከት ነው። ሴንሰሩን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ ፊውዝም መታየት ይገባዋል። በሶኬቱ ላይ ግሪስ ወይም ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ጎጂ ነው፤ ብዙ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚሆነውን የውጭ አየር የሚስቡት በሽቦው ልባስ ውስጥ ነውና። ይህ ሁሉ ታይቶ ምልክቱ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መወዛወዙን በሙከራ ጉዞ ላይ ካቆመ ብቻ ሴንሰሩ ይለወጥ።

በ2024 መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፣ ብዙዎች የቤንዚን ሞተር ዘመን አበቃ ብለው ነበር። በከሚሴና በባቲ ያሉት አሮጌ ፒክ አፖች ግን ገና ብዙ ዓመት መሥራታቸው አይቀርም፤ መለዋወጫቸውም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ዛሬ በብዙ መካኒኮች ኪስ ውስጥ አለ። መሣሪያው ኮዱን የሚያነብበት አንድ ቁልፍ፣ የሚያጠፋበት ሌላ ቁልፍ አለው። ሁለተኛው ቁልፍ ሲጫን፣ የባትሪ ገመድ እንደ መንቀል ሁሉ፣ ከባቲ እስከ ጣርማበር የተጠራቀመው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።