ሚዛኑና መዛኙ፦ ከኢብኑ ኸልዱን የዘገባ ምርመራ የምንማረው

የሐሰት ዘገባ የሚስፋፋው ዋሾዎች ስለበዙ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ ሰዎች ሳይመረምሩ ስለሚቀበሉትም ነው። በሡረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ምእመናን እንዲያረጋግጡ የታዘዙት፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተው ኋላ እንዳይጸጸቱ ነው። ትእዛዙ ለሰሚው መሰጠቱ ልብ ሊባል ይገባል። ዑለማእ ይህን አደራ ወደ ጥብቅ ሥርዓት ከለወጡባቸው መንገዶች አንዱን፣ የኢብኑ ኸልዱንን፣ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን፤ ያስተማረውን ብቻ ሳይሆን ሚዛኑን ራሱ የዘነጋበትን ስፍራ ጭምር።

የመጀመሪያውን ሚዛን ያቆሙት የሐዲስ ሊቃውንት ናቸው። አንድ ቃል ሲደርሳቸው «ከማን ሰማኸው?» ብለው ሰነዱን አንድ በአንድ ይፈትሹ ነበር። አስተላላፊው ታማኝ ነውን? የማስታወስ ብቃቱስ? አስተማረኝ ካለው ሸይኽ ጋር በዘመንና በቦታ ሊገናኝ ይችል ነበርን? ጀርሕ ወተዕዲል የተባለው ዕውቀት የተገነባው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። ምዘናውም ለዝምድና አላደላም፤ ዐሊይ ኢብኑል መዲኒይ ስለ ገዛ አባታቸው ተጠይቀው በዘገባ ደካማ መሆናቸውን መመስከራቸው በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው።

ኢብኑ ኸልዱን (ረሒመሁላህ) እ.ኤ.አ. በ1332 በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ ያረፈ የታሪክ ሊቅና የማሊኪያ መዝሀብ ቃዲ ነው። በፌዝና በግራናዳ አብያተ መንግሥት ካገለገለ በኋላ ከሥልጣን ሽኩቻ ርቆ በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው ቀልዐት ኢብኑ ሰላማ ተቀመጠ፤ በ1377ም «ሙቀዲማ»ን በዚያ ጻፈ። ሐሰት ወደ ታሪክ የሚገባባቸውን በሮች ሲዘረዝር፣ ለአስተሳሰብና ለመዝሀብ መወገንን፣ በአስተላላፊ ላይ ያለ ምርመራ መተማመንን፣ የዘገባውን ዓላማ መሳትን፣ እውነት ነው ብሎ ከጅምሩ መገመትን፣ ባለሥልጣናትን በውዳሴ ለመቅረብ መሻትን ይጠቅሳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ የሚመራበትን ተፈጥሮ አለማወቅ ነው ይላል። ስለዚህም በታሪክ ዘገባ ረገድ የአስተላላፊው ማንነት ከመጠናቱ በፊት ነገሩ ሊሆን የሚችል መሆኑ ይመርመር አለ። «ማን አለው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሊሆን ይችላልን?» የሚለውን አስቀደመ። ይህ መመዘኛ የነቢያትን ሙዕጂዛ ለመካድ የተዘጋጀ አይደለም፤ ሊቁ ሙዕጂዛን በዚያው መጽሐፍ ያጸድቃል። የሚመዝነው በተለመደው የሰው ልጅ ኑሮ ውስጥ ተፈጸመ የተባለውን ነው።

ምሳሌውን እንመልከት። አል-መስዑዲይና ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች፣ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በበረሓ ከእስራኤል ልጆች መካከል 20 ዓመት የሞላቸውንና መሣሪያ መያዝ የሚችሉትን ቆጥረው 600,000 ወይም ከዚያ በላይ እንዳገኙ ዘግበዋል። ኢብኑ ኸልዱን ቁጥሩን በብዙ በኩል ፈተነው። ያን የሚያህል ጦር ቢሰለፍ ርዝመቱ ዓይን ከሚደርስበት እጥፍ ድርብ ያልፋል፤ ታዲያ አንዱ ክንፍ ሌላው የሚያደርገውን ሳያውቅ እንዴት ይዋጋል? ግዛቱ እጅግ የሰፋው የፋርስ መንግሥት እንኳ ለቃዲሲያ ጦርነት ያሰለፈው 120,000 ነበር። ከያዕቆብ (ዐ.ሰ.) እስከ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ያለው አራት ትውልድ ብቻ ከሆነስ፣ ዘሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል እንዴት ሊበዛ ይችላል? ሊቁ የስሕተቱን ሥርም ገለጠ፦ ነፍስ እንግዳ ነገር ትወዳለች፤ ቁጥር ማብዛት ለምላስ ይቀላል፤ ተናጋሪውንም የሚጠይቀው የለም።

ይሁን እንጂ ሚዛን ሠሪውም ከሚዛኑ በላይ አይደለም። «ሙቀዲማ» ስለ አየር ንብረት በሚያትትበት ክፍል፣ የጥቁር ሕዝቦች የቆዳ ቀለም በሐም ላይ ከወረደ እርግማን የመጣ ነው የሚለውን የዘር ቆጣሪዎች ወሬ ውድቅ አድርጎ፣ ቀለም ከአገሩ ሙቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስረዳል። በዚያው ክፍል ግን፣ ደቡባዊው የሙቀት ቀጠና ጥቁር ነዋሪዎች ብዙዎቹ በዋሻና በጫካ ይኖራሉ፣ ሣር ይመገባሉ፣ እርስ በርስም ይበላላሉ የሚለውን ወሬ «ይባላል» ብሎ ያስገባል። ሐበሾችን የየመን ጎረቤቶችና ባለ ሃይማኖት ናቸው ብሎ ቢለያቸውም ወሬው ራሱ አልተመዘነም። ማን አየ? ሊሆንስ ይችላልን? በ600,000ው ላይ የተነሡት ጥያቄዎች እዚህ አልተነሡም።

ለምን? እጅግ ሞቃት ወይም እጅግ ቀዝቃዛ አገር የሚኖር ሰው ከሥልጣኔ ይርቃል የሚል ሐሳብ አስቀድሞ ይዞ ነበር፤ ወሬው ከሐሳቡ ጋር ስለገጠመለት ሳይፈተን አለፈ ብለን እንረዳለን። ነፍስ ወደ አንድ አስተሳሰብ ካዘነበለች የሚስማማትን ዘገባ ገና እንደሰማች እንደምትቀበል፣ ዝንባሌዋም የልቦናን ዓይን እንደሚጋርድ ያስተማረው ግን እርሱ ራሱ ነው። ይህን የምናነሣው የሊቁን ክብር ለመንካት አይደለም። የስሕተትን በሮች በስም የዘረዘረ ሊቅ በአንደኛው ከገባ፣ ዝርዝሩን አንብበን ብቻ ከስሕተት እንድናለን ማለት እንደማንችል ለመገንዘብ ነው።

እንግዲህ መምህሩና ኢማሙ ሦስት ጥያቄዎች ያስፈልጓቸዋል። ማን አለው? ሊሆን ይችላልን? ሦስተኛው ወደ ራስ የሚመለስ ነው፦ እውነት እንዲሆን እሻለሁን? በሚንበር ላይ አድማጭን የሚያስደንቅ ቁጥር፣ የማንወደውን ወገን የሚያሳፍር ወሬ፣ መዝሀባችንን የሚያደምቅ ታሪክ በስልካችን ሲደርሰን፣ ይበልጥ ልንጠነቀቅ የሚገባው ልባችን ደስ ባለው መጠን ነው። ለዚህም የብቻ ጥንቃቄ አይበቃም። ሊቃውንቱ በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ ሓሺያ እየጻፉ የቀደሟቸውን ያረሙት፣ በሙናዞራም ፊት ለፊት የተከራከሩት፣ ሰው የራሱን ዝንባሌ ለብቻው ማየት እንደሚከብደው ስላወቁ ነው። ደረሳው «ያ ሸይኽ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ በአደብ የሚጠይቅበት ሐልቃ የመምህሩን ክብር አይቀንስም፤ ሸይኹ ብቻውን ያላየውን ያሳየዋል።