ጋቢው ተከብሮ ሸማኔው ለምን ተሰደበ?

ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሶፋ ላይ ጣል የተደረገ የእኛው የእጅ ሽመና ነው። «ቲቸር፣ ዋጋውን ይዩልኝ! አካባቢን የማይጎዳ እየተባለ ነው የሚሸጠው» ትላለች። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ሳስተምር፣ መዝገብ ስሞላ የወላጅ ሥራ እጠይቅ ነበር። አንድ ልጅ ሁሌ «የግል» ይለኛል። አንድ ቀን ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «የግል ምን?» አልኩት። ዝም አለ። ከኋላ አንዱ ስድብ ወረወረ፣ ክፍሉ ሳቀ። አባቱ ሸማኔ ነበሩ። የሳቁትን ተቆጣሁ፤ ግን በሰው ፊት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። የታሪክ አስተማሪ ሆኜ፣ ያ ስድብ ከየት እንደመጣ ለዚያ ክፍል አላስተማርኩም። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ከጥጡ እንጀምር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና የኑብያ ዘመቻውን ባስቀረጸበት ድንጋይ ላይ፣ ካወደማቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ይገኝበታል። ጥጥ ከእህል ጎን የሚቆጠር ሀብት ነበር ማለት ነው።

ልብስ የመሥራቱ ሙያ ደግሞ በእኛ አገር ለሁለት የተከፈለ ነው። ሴቶች ጥጡን ይዳምጣሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ ያባዝታሉ፣ በእንዝርት ይፈትላሉ። ፈትሉ ልቃቂት ሲሆን ሸማኔው ጋ ይሄዳል። እሱም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየሰደደ ድሩን ከማጉ ያገናኛል።

አሁን ልብ በሉ። መፍተል ነውር አልነበረም። ወይዘሮዋም ትፈትላለች፤ ፈትሏ የቀጠነላት ሴት ባለሙያ ተብላ ትመሰገናለች። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ጋቢ የሚያደርገው ሰው ግን ይሰደባል። በአንድ ጋቢ ላይ አንዷ ተመስጋኝ፣ አንዱ ተሰዳቢ! ለምን?

የእኔ መልስ አንድ ቃል ነው፦ መሬት። በሰሜኑ አገር የሰው ክብር ከርስቱ ጋር የተያያዘ ነበር። ርስት የተከለከለ ሰው በእጁ ሙያ ይኖራል። ቤተ እስራኤሎችን ውሰዱ። እንደሚነገረው፣ ዐፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ድል ካደረጓቸው በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ብረት ሥራ፣ ሸክላና ሽመና ዋና መተዳደሪያቸው እየሆነ ሄደ። ጎንደር ላይም በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ በጉባኤ ተወሰነ። ርስት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ኖሩ። መጀመሪያ መሬቱ ተከለከለ፤ ቀጥሎ ሥራው ተሰደበ። ትውልድ ሲያልፍ ሰው ቅደም ተከተሉን ረሳና «ሥራው ራሱ ዝቅ ያለ ነው» ማለት ጀመረ።

ሥራው ራሱ ቢሆን ኖሮ እኮ በሁሉም ቦታ በተናቀ ነበር! የጋሞን ደጋ ተመልከቱ። እዚያ ሽመና የባላገሩ የራሱ ሙያ ነው፤ የዶርዜ ሰው ሸማኔነቱን አያፍርበትም። እውነቱን ለመናገር ግን እዚያም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ተገልለው ኖረዋል። ንቀቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። መሬቱ የጠበበባቸው የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ሽሮ ሜዳን ዛሬ የምናውቃት የሸማ ሰፈር አደረጓት።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ሸማኔውም ከተጠቀሱት አንዱ ነበር። አዋጁ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው እኔ ክፍል ውስጥ ያ ሳቅ የተሰማው? ቁጥሩን እናንተው አስሉት።

በዚያው ዘመን ሌላ ፈተና መጣ፦ አቡጀዲ። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ካስመጡት ጉዳዮች አንዱ የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። አቡጀዲ የሸማኔውን እንጀራ ነካ። ጋቢንና ቡልኮን ግን ከቤት አላስወጣም። በእጅ የተፈተለ ማግ ላላ ያለ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ አራት እጥፍ ሆኖ ሲለበስ ለደጋ ብርድ ስስ የፋብሪካ ጨርቅ አይተካውም።

«አካባቢን የማይጎዳ» የሚለውን ነገርማ እናቶቻችን ስም ሳይሰጡት ኖረውበታል። ጋቢ ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ሲበጫጨቅ ጨርቅ ይሆናል። የሚጣል ነገር አልነበረም። ዛሬማ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ አልጋችን ላይ ያለውም ውሃ የማይመጥ ርካሽ ብርድ ልብስ ነው። እኔም ቤት አለ፤ በማንም አልፈርድም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ስትከራከሩ፣ የምትቀንሱት የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ጠይቁ። ማን ፈተለው? ማን ሠራው? በሉ። ጋቢውን ለውጭ ሰው እየሸለምን የሠሪውን ልጅ ካሳፈርን ምኑን ባህል አከበርነው?

አንተ ያኔ «የግል» ያልከኝ ልጅ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፦ ጥያቄው የእኔ ጥፋት ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ። አባትህ በሕይወት ካሉ ሰላም በልልኝ። ልጆች የሆናችሁ ደግሞ፣ የሸማኔ ወይም የፈታይ ልጅ ከሆናችሁ፣ ስማቸውን እዚህ ሥር ጻፉልኝ። በኩራት ይነበብ።