ውሃ ማን ቀዳ?

ማኔጅመንት የሚማሩ ልጆችን ‹‹ልዩ መብት አላችሁ›› ብትሏቸው ዞር ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ልዩ መብት ሲባል ባለ ጋሻ መሬቱ ባላባት ወይም የባለሥልጣን ልጅ ነው ትዝ የሚለን። በኪራይ ቤት ያደገ የመምህር ልጅ ‹‹እኔም ከዚያ ወገን ነኝ›› ብሎ አያስብም።

የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ይህን በአውቶቡስ ለማስተማር ሞክሮ ነበር ማለት ይቻላል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ተጣለበት። የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ይባላል። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪ ሆኑ። ከሕዝቡ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ፊደል ባልቆጠረበት ዘመን የዩኒቨርስቲ ተማሪ ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ አስቡት! የካቲት ላይ ‹‹መሬት ለአራሹ›› ያለው ሰልፍም የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ አንዱ ሌላውን ወለደ ግን አልልም፣ የመጀመሪያዎቹ ተመዳቢዎች ገና በየምድባቸው ነበሩና።

ተማሪው ድህነቱን አየ፣ ተቆጣም። ቁጣው ልክ ነበር። ነገር ግን የሚቆጣው በባላባቱ ላይ ነው፤ ገበሬው በከፈለው ግብር እሱ ራሱ መማሩ ብዙም አይነሳም። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ሲዘምቱም ነገሩ ያው ነበር። ሰፊውን ሕዝብ ‹‹ለማንቃት›› ተባለ። የተኛው ገበሬው ነው ማለት ነው እንግዲህ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የማኔጅመንት ተማሪዎች ለጽሕፈት ኮርስ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። አንድ ጊዜ ‹‹እዚህ እንዴት ደረሳችሁ?›› የሚል ድርሰት ሰጠኋቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ‹‹በራሴ ጥረት›› አሉ። ጥያቄውን ለወጥኩት፤ ‹‹እናንተ ስታጠኑ ቤት ውስጥ ውሃ ማን ቀዳ?›› አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ታናሽ እህቱ ለውሃና ለእንጨት እየቀረች ስምንተኛ ክፍልን በአራት ዓመት እንደጨረሰች ጻፈ። እሱ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ‹‹ሰነፍ ትመስለኝ ነበር›› ይላል።

ይህ ልጅ ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ሊሆን ይችላል። እህቱን የመሰለች፣ በማታ ተምራ ዲፕሎማዋን የያዘች ሴት ለሥራ ብታመለክት ወረቀቷን የሚያገላብጠው እሱ ነው። ‹‹ስምንተኛ ክፍል ለምን አራት ዓመት ፈጀብሽ?›› ብሎ የሚጠይቃትም እሱ ነው፤ ወይም አይጠይቃትም።