ቡና ያለ አጋር ያፈራል

የቡና ተክል በበጋው ደረቅ ወራት እምቡጡን ቋጥሮ ይጠብቃል። ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ቅርንጫፉ በነጭ አበባ ይሸፈናል። የአበባው ዕድሜ ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ዋናው ሥራ የሚጠናቀቀውም በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

አንዱ አበባ የወንዴም የሴቴም አካል አለው። የወንዴው ብናኝ በሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ዘር ወደሚቋጠርበት ክፍል ይዘልቃል። በቱቦው ሁለት የወንዴ ህዋሶች ይጓዛሉ። አንደኛው ከእንቁላሉ ጋር ተዋህዶ ጽንስ ይሆናል፤ ሁለተኛው ለጽንሱ ስንቅ የሚሆነውን ክፍል ያስገኛል። አበባ ያላቸው ዕፅዋት መለያቸው ይህ ድርብ ጽንሰት ነው። ቆልተን፣ ወቅጠን፣ አፍልተን የምንጠጣውም በአብዛኛው ያንኑ ስንቅ ነው። ለሕፃን የተቀመጠ ምግብ እየቀማን ነው ብንል አልተሳሳትንም!

ሮቡስታ የተባለው ቡና የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ የሌላ ተክል ብናኝ በነፋስ ወይም በንብ ሊመጣለት ይገባል። የእኛው አረቢካ ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ንብ ስትጎበኘው ምርቱ ይሻሻላል እንጂ ያለእርሷም ያፈራል።

ይህ ጠባዩ በዓለም ዙሪያ እንዲሰራጭ ረድቶታል፤ አንድ ዛፍ ብቻውን ለእርሻ መነሻ ይሆናልና። በ1706 (እ.ኤ.አ) ከጃቫ አምስተርዳም የደረሰው ተክል ተባዝቶ፣ ከዘሩ አንዱ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተበረከተ። በአሜሪካ አህጉር የተተከለው ቡና ብዙው ከእነዚህ ጥቂት ዛፎች የወረደ ነው። እናም እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል፤ አንዱን የሚጥል በሽታ ሌላውንም ይጥላል።

ብዝኃነቱ የቀረው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካዎች ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 (እ.ኤ.አ) አገራችን ሲገባ ተቋቁመው የተገኙት ዝርያዎች የተመረጡት ከዚያው አካባቢ ዛፎች ነበር።

በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዚህ ሀብት ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ብርቱ ስጋቴ በሻንጣ ተደብቆ ከሚወጣው ዘር ይልቅ እዚያው በመጥረቢያ የሚወድቀው ነው። የቡና ፍሬ እንደ ስንዴ ደርቆና ቀዝቅዞ በመጋዘን ለረጅም ዘመን አይከማችም፤ የሚጠበቀው ሕይወት ያለው ዛፍ ሆኖ ነው። በጅማ አካባቢ ጮጬ ላይ ዝርያዎቹ በማሳ ተተክለው የሚጠበቁትም ለዚሁ ነው።